ከታማሚነት ወደ አቻ ደጋፊነት፦ የአእምሮ ሕሙማን የመረዳዳት ታሪክ በአዲስ አበባ ዙሪያ



ከአዲስ አበባ በሦስት አቅጣጫ የሚወጡ ሦስት ጎዳናዎችን በማስታወስ ልጀምር። አንደኛው በሰበታ በኩል ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይወርዳል። ሁለተኛው በቡራዩ በኩል ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ ይዘልቃል። ሦስተኛው የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ፣ ሱሉልታን አቋርጦ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ጎጃም ይወስዳል። ሦስቱም ከተሞች ከመሐል አዲስ አበባ ከ25 ኪሎ ሜትር ግድም አይርቁም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል።

እነዚህን ጎዳናዎች ነጋዴው፣ ተማሪውና የፋብሪካ ሠራተኛው ብቻ አልተመላለሱባቸውም። የአእምሮ ሕመም ያገኛቸው ሰዎችም በሁለት አቅጣጫ ሲጓዙባቸው ኖረዋል፤ ከከተማው ወደ ውጭ ጸበል ፍለጋ፣ ከውጭ ወደ ከተማው አማኑኤል ሆስፒታል ፍለጋ። በአውቶቡሱ መካከለኛ ወንበር፣ በሁለት ዘመዶች መካከል፣ እጁ በነጠላ ታስሮ የተቀመጠ ወጣት ያላየ መንገደኛ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ስለዚያ ጉዞ ብዙ ተብሏል። የሚያስታምመው ቤተሰብ፣ የሚያጠምቀው ካህንና መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም በታሪካችን ውስጥ ስም አላቸው። የዛሬው ንግግሬ ስም ስለሌለው ስለ አራተኛው ሰው ነው። ይኸውም ታሞ፣ ተሽሎት፣ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ፣ ሌላውን ታማሚ የሚደግፈው ሰው ነው።

ዛሬ ይህን ሰው «አቻ ደጋፊ» እንለዋለን። አቻ ደጋፊ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም፣ በሽታ አይለይም። የሥራው መሠረት ራሱ ያለፈበት መንገድ ነው። ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት ምን እንደሚመስል፣ ሰፈርተኛው ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚሰማ፣ መድኃኒቱ እንቅልፍ ሲያበዛ ሥራ እንዴት እንደሚያስቸግር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቃል። ይህን ዕውቀት ይዞ ለሌላው ሰው አብሮ ይሄዳል፣ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ ከቤተሰብ ጋር ያስታርቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተሽሎት በመታየቱ ብቻ ተስፋ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚህ አገልግሎት አደረጃጀት ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል።

ብዙዎች ይህን አሳብ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። የጎደለው የሥራው ስም፣ ደመወዙና የሕግ ከለላው ነው። ይህንን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥንታዊው መሠረት

ከዘመናዊው ሕክምና በፊት ወደ ነበረው ዘመን እንመለስ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ከተማ ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት አጥንቷል። በጥናቱ ማእከል የምትገኘው መልካም አያሁ የተባለች ባለ ዛር ናት። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ሳይመን ሜሲንግም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። የሁለቱ አጥኚዎች አመለካከት ቢለያይም በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ባለ ዛር የሚሆነው ሰው ቀድሞ በዛር የተያዘና የታመመ ነው። ሕመሙ ፈጽሞ ስለ ለቀቀው ሳይሆን ከሕመሙ ጋር መኖርን ስለ ተማረ ለሌላው መሪ ይሆናል።

ይህን ስናገር ዛርን ለማወደስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሥርዓቱን ሲያወግዙት ኖረዋል፤ ድሆች ታማሚዎች በባለ ዛሩ ቤት በአገልግሎት እየኖሩ ጉልበታቸው መበዝበዙም የታወቀ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ሌላ ነው። በአገራችን አእምሮ «መታመም» ለመርዳት ብቁ የሚያደርግ ዕውቀት ተደርጎ የተቆጠረበት ዘመንና ሥርዓት ነበር። ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያም ተያይዞ ይገኛል፤ የታማሚን ልምድ ማክበርና የታማሚን ጉልበት በነጻ መጠቀም ተቀራራቢ ጎረቤቶች መሆናቸውን ከዚሁ ታሪክ እንማራለን።

ሁለተኛው መሠረት ጸበል ነው። በሰሜን በኩል እንጦጦን፣ ከሱሉልታ አልፎም ደብረ ሊባኖስን የሚያውቅ ሰው፣ በጸበል ስፍራ የሚሠራው ካህኑ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ታማሚው ብዙ ሳምንት፣ አንዳንዴም ብዙ ወር ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀድመው የመጡና የተሻላቸው ጸበልተኞች ለአዲሱ መጤ ቦታ ያሳያሉ፣ ማደሪያ ያጋራሉ፣ ወደ መጠመቂያው ይደግፉታል፣ ለተጨነቀችው እናት «እኔም እንዲህ ነበርኩ» ይሏታል። ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር የአቻ ድጋፍ ሁሉ ፍሬ ነገር ናት። በደቡብ ምዕራቡ ጎዳናም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የኔዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ አካባቢ፣ ስለ ነበረው የእምነት ፈውስ እ.ኤ.አ. በ1968 ጥናት አሳትሟል። ወደዚያ የጎረፈው ሕዝብ ሰበታን አቋርጦ ያለፈ ሕዝብ ነው።

ይሁንና የጸበሉም ታሪክ ሰንሰለት አለበት። በብዙ ስፍራ ታማሚዎች ታስረው ኖረዋል፤ መድኃኒት እንዲያቋርጡ የተደረጉም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የቀደመውን ዘመን ስናነሣ ሁለቱንም ገጽታውን ይዘን ማንሣት ይገባናል።

አማኑኤልና ገፈርሳ

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የሆስፒታሉ ስም ራሱ በሕዝቡ አፍ መሳደቢያ እስከ መሆን ደረሰ፤ «አማኑኤል ይወሰድ» ማለት ከሰው ተራ ይውጣ እንደ ማለት ተቆጠረ። በዚህ ረጅም ዘመን የሐኪሞቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በሆስፒታሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሐኪሞቹ ጥቂት፣ ታማሚዎቹ ብዙ በሆኑበት ዘመን የዕለት ተዕለቱን ሥራ ማን ሠራው? ከአንድ ክፍል ሌላውን ያበላ፣ ያጠበ፣ ሲረበሽ ያረጋጋ ማን ነበር? በብዙ የአእምሮ ሆስፒታሎች ታሪክ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ የዚህ ሥራ አንድ ክፍል በተሻላቸው ታማሚዎች ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። ነገር ግን የሆስፒታል መዝገብ ታማሚውን በሕመሙ እንጂ በሥራው አይመዘግበውም። ታሪክ ጸሐፊው ሰነዱን ሲከፍት የመድኃኒቱን ስም ያገኛል፤ ጎረቤቱን ሲያበላ ያደረውን ሰው ግን አያገኘውም።

በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳ ለአዲስ አበባ ሕዝብ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ለከተማዋ ውኃ በሚሰጠው ግድብና በአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያው። ማገገሚያው በሆስፒታል ታክመው ለተሻላቸው፣ ነገር ግን ወደ ቤት መመለስ ላልቻሉ ሰዎች መጠጊያ ነው። ብዙዎቹ የሚቀበላቸው ዘመድ ያጡ ናቸው። ገፈርሳ የሚያስተምረን ነገር ግልጽ ነው። ሕክምና ተሳክቶ መመለስ ሊከሽፍ ይችላል። መድኃኒቱ ድምፁን ጸጥ ያሰኛል፤ ሰፈሩን ግን አያስታርቅም። በሆስፒታሉ በርና በቤቱ ደጃፍ መካከል ያለው መንገድ የማንም ባለሙያ ሥራ ሳይሆን ቀርቷል። አቻ ደጋፊው የሚቆመው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ከሌላው ዓለም

ለማነጻጸር ያህል ወደ ፓሪስ ልውሰዳችሁ። ዣን ባቲስት ፑሳን የተባለ ቆዳ ፋቂ እ.ኤ.አ. በ1771 የአንገት እጢ ነቀርሳ ይዞት ወደ ቢሴትር ሆስፒታል ገባ። ከዳነ በኋላ በዚያው ተቀጠረ፤ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1793 ዶክተር ፊሊፕ ፒኔል ወደዚያ ሲመጣ ፑሳን ከተሻላቸው ታማሚዎች መካከል አስታማሚዎችን እየመረጠ ሲያሠራ አገኘው። እነዚህ ሰዎች ጭካኔን ስለሚጠሉና የታማሚውን ስሜት ስለሚረዱ ለሥራው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1797 በዚያ ሆስፒታል ሰንሰለቱን ያስፈታው ፑሳን ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን በሥዕልም በመጽሐፍም የተወደሰው ሐኪሙ ፒኔል ሆነ። ቀድሞ የታመመው ሰው ሥራ በሐኪሙ ስም መጻፉ በዚያም ያው ነበር።

በእንግሊዝ አገር እነ ጆን ፐርሲቫል ራሳቸው በአእምሮ ሕሙማን ቤት የኖሩ ሰዎች ሆነው እ.ኤ.አ. በ1845 የታማሚዎች መብት ተከራካሪ ማኅበር መሠረቱ። በአሜሪካ ክሊፎርድ ቢርስ እ.ኤ.አ. በ1908 የራሱን የሆስፒታል ኑሮ በመጽሐፍ አሳትሞ ትልቅ የማሻሻያ እንቅስቃሴ አስነሣ። በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 የመንግሥት የጤና መድን ለአቻ ደጋፊዎች አገልግሎት መክፈል ሲጀምር ሥራው ሙያ ሆነ። በኡጋንዳም በካምፓላ የሚገኘው ቡታቢካ ሆስፒታል የቀድሞ ታማሚዎችን አሠልጥኖ ከሆስፒታል የወጡትን ቤታቸው ድረስ እንዲጎበኙ አድርጓል። ከፑሳን እስከ ጆርጂያ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። ይህን ያህል ዘመን የወሰደው የሥራውን ጥቅም ማወቅ አልነበረም፤ ሠራተኛውን እንደ ሠራተኛ መቁጠር ነበር።

በቤታችን ያሉ አርአያዎች

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በሌሎች ሕመሞች ዙሪያ ይህን እርምጃ ቀድመው የተራመዱ ሰዎች እናገኛለን። የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በወሊድ ጉዳት ምክንያት በፊስቱላ ታመው በልጅነታቸው ወደ ሐምሊን ባልና ሚስት መጡ። ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምና ረዳትነት አልፈው፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በዓለም የታወቁ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ወርቅ ሜዳሊያ ከተሸለሙት አንዷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የቀድሞ ታካሚዎችን በነርስ ረዳትነት መቅጠርን የዕለት ሥርዓቱ አደረገው። ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ በሽታዋ ከሰው ያራቃት ሴት በመጀመሪያ የምታገኘው ሰው ያንኑ ሥቃይ ያየች ሴት ነበረች።

ሁለተኛው አርአያ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራት ናቸው። መቅድም እ.ኤ.አ. በ1997፣ ተስፋ ጎህ ደግሞ በ1998 ተመሠረቱ። በዚያን ጊዜ ስምን በአደባባይ መናገር ቤት ኪራይ ያስከለክል፣ ከሥራ ያስባርር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ራሳቸው የሚወስዱ ሰዎች ለሌሎች አስረጂ፣ ቀጠሮ አስታዋሽና ቤት ለቤት ጠያቂ ሆነው ተቀጠሩ። በእንጦጦ ጸበል መድኃኒት አቋርጠው የነበሩትን በመመለስ ረገድም፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው በሩን ከፈተ። በዚያ በር የሚገባ፣ ጸበልተኛውን በቋንቋው የሚያነጋግር ሰው ግን ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም ከጸበልተኛው ጋር አንድ ሕመም ከሚጋራ ሰው የተሻለ አልነበረም።

ሦስተኛውን አርአያ ሰበታ ትሰጠናለች። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ለዓይነ ስውር የተተወለት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም የቆሎ ትምህርት ቤት ነበር። ከሰበታ የወጡ ዓይነ ስውራን ግን መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና የማኅበር መሪዎች ሆነው ታይተዋል። አንድ ከተማ «ተረጂ» ተብሎ የተጻፈን ሰው «አስተማሪ» አድርጎ ማስመዝገብ እንደሚችል ሰበታ በገዛ ታሪኳ አሳይታለች። የአእምሮ ሕሙማን ግን ከዚህ ሰልፍ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ለምን?

መዘግየቱ ከየት መጣ?

አንደኛው ምክንያት የሕክምናው እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ በተካሄደው ሰፊ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ያልታከመ ሰው ለሌላው አቻ ደጋፊ ሊሆን ይከብደዋል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ከአንድ ሆስፒታል አውጥቶ በጤና ጣቢያ ደረጃ ለማዳረስ የተነሣው ይህን ለመለወጥ ነው። በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ሲደግፉ፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ተዳምሮ የታማሚዎቹ የዕለት ኑሮ እንደሚሻሻል አሳይቷል። ቤት ለቤት የሚደረግ ድጋፍ በእኛ አገር ገጠር ይሠራል ማለት ነው። የቀረው ጥያቄ ያን በር ማን ያንኳኳ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው የአእምሮ ሕመሙ «በግልጽ የታወቀ» የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። በአንቀጽ 341 መሠረት በሆስፒታል ወይም በሕሙማን ቤት የተኛ ሰው በዚያ በሚቆይበት ጊዜ በዚህ ይቆጠራል። በአንቀጽ 342 ደግሞ ከ2 ሺህ ያነሰ ነዋሪ ባለበት ቀበሌ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና መዘዋወሩን የሚከለክለው ሰው እንደዚሁ ይቆጠራል። እንዲህ የተቆጠረ ሰው የፈጸመው ውል ሊፈርስ ይችላል። የአንቀጹን ታሪካዊ ትርጉም አስተውሉ፤ ዘመዶቹ ያሰሩት ሰው፣ መታሰሩ ራሱ የአለመቻሉ ማስረጃ ይሆንበታል። ሕጉ ታማሚውን ከሚያታልሉት ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ውል ለመፈራረም እንደማይበቃ የተቆጠረ ሰው በምን ውል ይቀጠራል?

ከዚያ ወዲህ ሁለት አዳዲስ ሕጎች መጥተዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ሲደነግግ የአእምሮ ጉዳትንም በትርጉሙ ውስጥ አካትቷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች፤ ይህ ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ችሎታ እንዳለው ያውጃል። አሮጌው ሕግና አዲሱ ስምምነት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ታማሚውን የሚጠበቅ ሰው፣ ሌላው የሚፈርም ሰው አድርጎ ያየዋል። አቻ ደጋፊው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሥራ ውል ይጠብቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ዝምታ ነው። የፊስቱላ ታማሚዋ ስትድን ቁስሏ ይታያል፣ መዳኗም ይታያል። የአእምሮ ሕመም ያለፈበት ሰው ግን ደኅና በሆነ ጊዜ ማንም አያውቀውም፤ መናገርም አይፈልግም። ስለዚህ ሕዝቡ የሚያየው የታመመውን ብቻ ነው፤ የተሻለው ከዓይን ይሰወራል። ከዚህም የተነሣ «ይህ በሽታ አይድንም» የሚለው እምነት በየቀኑ በዓይን ምስክር የተረጋገጠ ይመስላል። ይህን ዝምታ ለመስበር በአገራችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር ተቋቁሟል። አባላቱ በስማቸውና በፊታቸው ወጥተው ሲናገሩ፣ የመቅድምና የተስፋ ጎህ መሥራቾች ቀድመው የሠሩትን ሥራ በሌላ መስክ እየሠሩ ነው።

ታሪክ ምን ያስጠነቅቀናል?

አሁን ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ልመለስ። እነዚህ ከተሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ አድገዋል። ከመሐል ከተማው ኪራይ የሸሸ ቤተሰብ፣ ለፋብሪካና ለአበባ እርሻ ሥራ ከሩቅ የመጣ ወጣት፣ መሬቱ በከተማ የተዋጠበት ገበሬ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። የቀድሞው ጎረቤት፣ ዕድርና ዘመድ የሚሸከመውን ሸክም የሚሸከም ገና አልተደራጀም። ከአማኑኤል ወጥቶ ወደዚህ ሰፈር የሚመለስ ሰው የሚያውቀው ሰው ላያገኝ ይችላል። አቻ ደጋፊ ከየትም በላይ የሚያስፈልገው እንደነዚህ ባሉ ከተሞች ነው። ቋንቋውም ሊታሰብበት ይገባል፤ በእነዚህ ሰፈሮች አፋን ኦሮሞና አማርኛ ሁለቱንም የሚናገር፣ ጸበሉንም ጤና ጣቢያውንም የሚያውቅ ሰው በሥልጠና ብቻ አይገኝም፤ በሰፈሩ ኖሮ የታመመና የተሻለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ይዞ ይገኛል።

ይህ አገልግሎት ሲጀመር ከታሪካችን ሦስት ማስጠንቀቂያዎችን መውሰድ ይገባናል።

የመጀመሪያው ከባለ ዛሩ ቤትና ከሆስፒታሉ ክፍል የምንወስደው ነው። ልምዱን አክብረን ጉልበቱን በነጻ አንውሰድ። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል በአገራችን የተከበረ ቃል ነው፤ ነገር ግን ድሃ ታማሚ በጎ ፈቃደኛ፣ ደኅና የሆነው አሠልጣኝ ደግሞ ባለ አበል ከሆነ፣ የቢሴትር ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከኤች አይ ቪ ታሪክ የሚወሰድ ነው። ያ ታላቅ ሥራ በአመዛኙ በውጭ ገንዘብ የቆመ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም በሺዎች የሚቆጠሩ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ለሰው መመለሻ ድልድይ ያደረግነው ሥራ በአንድ ደብዳቤ የሚፈርስ ከሆነ፣ ድልድዩ ላይ የቆመው ሰው አብሮ ይወድቃል። በተለይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ሥራ ማጣት የገቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዳግም ለመታመም መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በመንግሥት የሥራ መደብ ውስጥ የተጻፈ አቻ ደጋፊ፣ በፕሮጀክት ከሚመጡና ከሚሄዱ መቶ ሰዎች ይልቃል።

ሦስተኛውና ከባዱ ማስጠንቀቂያ ዳግም ሕመም ነው። አቻ ደጋፊው ራሱ ሊታመም ይችላል። በዚያን ቀን «አላልናችሁም?» የሚሉ አይጠፉም። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የስኳር በሽታ ያለበት ነርስ ታሞ ሁለት ሳምንት ቢቀር ሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ነርስነቱንም የሚጠራጠር የለም። የአቻ ደጋፊው የሕመም ፈቃድስ? ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ካልተመለሰ፣ ሲታመም የምንመልሰው መልስ ማሰናበት ይሆናል። ባሰናበትነውም ቀን ለሰፈሩ ሁሉ የምናስተምረው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ የተሻለው ሰው በእርግጥ አልተሻለውም የሚል ነው። ከዚህ ይልቅ ታሞ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ ታክሞ ወደ ሥራው የተመለሰ አንድ አቻ ደጋፊ፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስተምራል።

መደምደሚያ

ክቡራትና ክቡራን፣

ታሪክ ጸሐፊዎች ስንባል ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ሰነድ ስላለው ሰው ነው። ጎንደር ውስጥ ታማሚዎችን የመራችው ባለ ዛር ስሟ የተረፈው አንድ የውጭ አገር ሰው ማስታወሻ ስለ ያዘ ነው። የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ስም የተረፈው በሆስፒታሉ የሥራ መዝገብ ላይ ስለ ተጻፈ ነው። በአማኑኤል ክፍል ጎረቤቱን ያበላው፣ በእንጦጦ ጸበል ለመጤው ቦታ ያሳየው፣ በገፈርሳ ለባልንጀራው ያነበበለት ሰው ግን ስሙ አልተረፈም። ይህ ለምን ሆነ ብንል፣ ሥራው እንደ ሥራ ስላልተቆጠረ ነው።

ስለዚህ የአቻ ደጋፊነት ጥያቄ የጤና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመዝገብም ጥያቄ ነው። ነገ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው በአቻ ደጋፊነት ሲቀጠር፣ ስሙ በሁለት መዝገብ ይገኛል፤ በታካሚዎች መዝገብና በደመወዝ መዝገብ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ያንን ሁለተኛውን መዝገብ ሲከፍት፣ እኔ ዛሬ ፈልጌ ያጣሁትን ሰው ያገኘዋል።